ተከራይ ቡና አይተክልም

ብርቄ በተከራየችበት ግቢ ሁሉ መተት ትቀብራለች ተባለ። ነቀምቴ ውስጥ «ተባለ» ማለት ግማሽ ማስረጃ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። ማስረጃው እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ የተከራየችው ኦቦ ፈየራ ግቢ ነው። ከአጥሩ ጥግ ጎንበስ ብላ መሬት ስትቆፍር፣ አንድ ነገር አስገብታ አፈር ስትመልስ ታየች፤ ክረምቱ ሳይወጣ የኦቦ ፈየራ እግር ተሰበረ። ቀጥሎ በገባችበት ግቢም እንዲሁ ቆፈረች፤ የአከራይዋ ላም ጨነገፈች። ሦስተኛው ግቢ የአዴ ወርቂቱ ነው። ይኼኛውን ከእኔ ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ እኔንም ይመለከተኛል። ባይመለከተኝም አየው ነበር፤ ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው።

እንግዲህ ላስተካክል። የኦቦ ፈየራ እግር የተሰበረው ኳስ በነፃ ለማየት የሜዳው አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲወድቁ ነው፤ ዕድሜያቸውን አልናገርም፤ ያፍራሉ። ላሚቱም ብትሆን ከአከራይዋ እኩል ያረጀች ነበረች። ብርቄ የምትቀብረው መተት ሳይሆን ችግኝ ነው፤ የቡና ችግኝ። ወሬው ካወራልን ሁሉ እውነት የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴትየዋ በገባችበት ሁሉ መሬት ትቆፍራለች። ለምን እንደምትቆፍር የጠየቃት ግን አልነበረም። ወሬ እያለ ማን ይጠይቃል?

ብርቄ የወሎ ሰው ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ነው ወለጋ፣ ጊዳ አያና የገባችው። የዚያን ጊዜው መንግሥት ሰፋሪዎቹን ሲያመጣ የሚያርፉበት ጎጆ አስቀድሞ እንዲሠራ አዝዞ ነበር፤ የታዘዙት ደግሞ የወለጋ ገበሬዎች ናቸው። አባቷ በደረሰው ጎጆ ሲገባ የግድግዳው ጭቃ ገና አልደረቀም። ደጃፉ ላይ፣ ጭቃ ከተቦካበት ጉድጓድ ዳር፣ ክንድ የማትሞላ የማንጎ ችግኝ ቆማ አገኘ። ማንጎ መሆኗን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እነሱ አገር ማንጎ የለም። ያኔ ያወቀው አንድ ነገር ቢኖር ቤቱን የሠራው ሰው ታዞ እንደ ሠራ ነው። ማንጎዋን ግን ማን አዘዘው? የማያውቀው ሰው፣ ሳይወድ ጎጆ የሠራለት ሰው፣ አንድ ቀን ፍሬ ይበላ ዘንድ ይህችን ለምን ጨመረ?

የብርቄ አባት ይህን እያሰበ አረጀ። ሰውዬውን ፈልጎ አላገኘውም። ስላላገኘው ለልጆቹ ሕግ አወጣላቸው፤ ክረምት ያሳለፋችሁበትን ደጅ ባዶውን ትታችሁ አትሂዱ አላቸው። ማንጎዋ አደገች፤ እሱ በላ፣ ብርቄ በላች፣ አግብታ የወለደቻት ልጇ እምነትም ጥርስ ያወጣችው የዚያችን ፍሬ እየጋጠች ነው። አባትየው ሲሞት ለቅሶ የተቀመጡት ጥላዋ ሥር ነበር።

ከዚያ ጊዳ አያና ታመሰ። ያንን ዘመን ብዙ አላወራም፤ እኔ እንኳ የማላወራው ነገር አለ። አማርኛ የሚናገረው መንደር ሸሸ፣ ኦሮምኛ የሚናገረው መንደር ሸሸ፤ አንዱ ሲሸሽ ያየው ሌላው ደግሞ ተራው ሲደርስ ሸሸ። በቆሎው ለአጨዳ ደርሶ ነበር። የብርቄ ባል ይመር ሚስቱንና ልጁን መኪና ላይ አሳፈረና «በቆሎውን አየት አድርጌ እከተላችኋለሁ» አለ። እስከ ዛሬ አልተከተለም። ሬሳም አልመጣ፣ ወሬም አልመጣ። ወሬ በማይጎድልበት አገር የሱ ወሬ ጎደለ።

አንዳንዱ ጥቁር ልበሺ አላት፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለ ጥቁር አይለበስለትም ብሎ ተቆጣት። እሷ አንዱንም ሳትሰማ ነጠላዋን እንደ ወትሮዋ ለብሳ መናኸሪያ ወጣች፤ ለውዝ እየቆላች በሳፋ ተሸክማ ለመንገደኛ መሸጥ ጀመረች። ከእሷ ጋር የተፈናቀሉትን አውቃቸዋለሁ፤ ስንቱ ዛሬም ጓዙን አልፈታም። ማዳበሪያው እንደ ታሰረ፣ ድስቱ እንደ ተጠቀለለ ከግድግዳ ተደግፎ ይኖራል፤ በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን እያሉ ክረምት ይመጣል፣ ክረምት ይሄዳል። በነሱ አልፈርድም። ጓዙን የፈታ ሰው አገሩን የተወ ይመስለዋል። ብርቄ ግን በገባችበት ዕለት ፈታችው። ለምን ቸኮልሽ ሲሏት፣ የታሰረ ጓዝ ላይ የተኛ ሰው ወገቡን ያመዋል ብላ መለሰች።

እንግዲህ ከቆርቆሮው ቀዳዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። አዴ ወርቂቱ ዘንድ በገባች ማግስት የክፍሏን በር ማጠፊያ አስጠገነች፤ እኔ ሳውቀው ሁልጊዜ እንዳነከሰ የሚኖር በር ነው። የሚያፈሰውን ጣራ ወንበር ላይ ቆማ ሚስማሩን በሬንጅ ደፈነችው። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ከገበያ የቡና ችግኝ ገዝታ ከኩሽናው ጀርባ ባለው ቁራሽ መሬት በረድፍ ተከለች። ማንጎ ለምን አልሆነም ያላችሁ እንደሆነ፣ ነቀምቴ ብርድ ናት፤ ማንጎ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም አሏት። እሷም ለቅጠል አልደክምም ብላ ወደ ቡና ዞረች።

ዝም ብዬ ማለፍ ስለማልችል በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ ነካ አደረግኋት።

«ብርቄ፣ ለአከራይ ቤት ይህን ያህል ከደከምሽ የራስሽ ቤት ቢሆን ምን ልታደርጊው ነበር?»

«አንተዬ፣ የምተኛበት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ ሳትዞር።

«ስትወጪስ?»

«ስወጣማ ሌላ ይተኛበታል። እሱስ ሰው አይደለም?»

ከአጥሩ ወረድኩ። እኔ ወሬ ሳልጨርስ ከአጥር ስወርድ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ችግሩ ቡና መሆኑ ነው። ለውጭ ሰው ይህ ምኑ ችግር እንደሆነ አይገባውም፤ ወለጋ ተወልዶ ላደገ ግን ማስረዳት አያስፈልግም። መሬትህን ለእኩል አራሽ ስትሰጥ በቆሎ ይዝራ፣ ዳጉሳ ይዝራ፣ ምን ገዶህ፤ በዓመቱ ታጭዶ ይወጣል። ቡናና ባሕር ዛፍ ግን አይተክልም። ቡና የሚተክል ሰው ዓመት ሁለት ዓመት ለመቆየት አይደለም የሚተክለው፤ የተከለውን ሳይለቅም አይወጣም፤ መልቀም ከጀመረ ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። ስለዚህ የሰው መሬት ላይ ቡና መትከል ዝም ብሎ መትከል አይደለም፤ «ከዚህ አልነቃነቅም» ብሎ በአደባባይ እንደ መናገር ነው። ተከራይ አበባ ይተክላል፣ ጎመን ይተክላል። ተከራይ ቡና አይተክልም።

ብርቄ ይህን አታውቅም ነበር ወይ? ታውቃለች። ጊዳ አያና አርሳ የኖረች ሴት ናት፤ አሳምራ ታውቃለች። ግን ይህ ልማድ ለገበሬ እንጂ በከተማ ግቢ አንድ ክፍል ለተከራየች ለውዝ ሻጭ የሚሠራ አልመሰላትም። ያ ነው ስሕተቷ። ከተማው ከገጠሩ የመጣ መሆኑን ረሳችው።

አዴ ወርቂቱ ባላቸው የሞቱባቸው ባልቴት ናቸው፤ ችግኞቹን ከመጀመሪያው ቀን አይተዋል። ተዪ አላሏትም። እንዲያውም በጥር ፀሐይ ዕቃ ያጠቡበትን ውኃ ወደ ቦይ መድፋት ትተው ወደ ኩሽናው ጀርባ ይዘውት ሲሄዱ አይቻለሁ። ያው በቀዳዳው።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሚያዝያ ላይ፣ ልጃቸው ሞሲሳ መጣ። ሞሲሳ ሲሬ ከተማ እህል ይነግዳል፤ እናቱን ሊጠይቅ አልፎ አልፎ ይመጣል። ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ በሕይወቱ ሁለቴ ሲስቅ ያየሁት ይመስለኛል፤ አንዱን እርግጠኛ አይደለሁም። ወደ ኩሽናው ጀርባ ዞር አለና ጉልበት የደረሰውን ቡና በረድፍ ቆሞ አገኘው። ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ እናቱ ተመልሶ ሴትየዋ በወሩ መጨረሻ ትውጣ አለ።

በሞሲሳ አትፍረዱ። አባቱ በኑኑ ቁምባ ወረዳ መሬት ነበራቸው፤ ለእኩል አራሽ ሰጥተው ነቀምቴ ሲገቡ አራሹ ከጥጉ ቡና ተከለ። ለጥላ ነው አለ፤ ለእናንተው ነው አለ። በኋላ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሞሲሳ ልጅነቱን ያሳለፈው አባቱ ለቀጠሮ ሲወጡና አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ እያየ ነው። አባቱ የሞቱት መሬታቸውን ሳያገኙ ነው። ለሱ የቡና ችግኝ ተክል አይደለም፤ የአባቱ ፊት ነው።

ብርቄ ውጪ ስትባል የደነገጠችው ለራሷ አልነበረም። እምነት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ልጅቷ በሽሽቱ ጊዜ ከትምህርት ቀርታ፣ ከታናናሾቿ ጋር ተቀምጣ እንደገና የጀመረች ናት። ትምህርት ቤቷ ከአዴ ወርቂቱ ግቢ ማዶ ነው። በዚያ ሰሞን ብርቄ ሳፋዋን አስቀምጣ ሰፈሩን ሁሉ ዞረች፤ ክፍል ያለው ሁሉ ከየት እንደመጣች ሲሰማ ክፍሉ ተይዟል ይላታል። መተቱንም የሰማ ነበረበት። ፈተናው እስኪያልፍ ከዚያ ግቢ ካልተቀመጠች ልጅቷ ዳግም ከመንገድ ልትቀር ነው። ብርቄ የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ እስከ ሰኔ የሚቆይ ጣራ።

አዴ ወርቂቱ ልጃቸውን መጋፈጥ ስላልቻሉ ሽማግሌ ይግባበት አሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰበሰብን። ግቢው ውስጥ ትልቅ አቮካዶ አለ፤ ቅርንጫፉ ግማሹን ጣራ ይሸፍናል፣ የእኔንም አጥር ተሻግሮ ፍሬ ይጥልልኛል። አግዳሚው እዚያ ሥር ተደርድሮ ተቀመጥን። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ ጉሉማ ናቸው፤ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ መሪ ስለሌላቸው ሰፈሩን የሚነዱ ሰው። እኔን የጠራኝ ባይኖርም የጎረቤት ወግ ነው ብዬ ከዳር ተቀመጥኩ።

ሞሲሳ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ። በዚች ሴት ላይ ክፋት የለኝም፣ ኪራይዋን በጊዜው ትከፍላለች፣ እናቴን ታከብራለች አለ። ከዚያ ወደ ኦቦ ጉሉማ ዞሮ፣

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ማሎ» አለ። «ሁለት ክረምት የማይቆይ ሰው አራት ዓመት የሚጠበቅ ነገር የሚተክለው ለማን ነው?»

«ማሎ» ማለት በኛ በኩል ልመና ነው። እውነቱን ነበር የለመነው። ሁላችንም ወደ ብርቄ ዞርን።

ብርቄ በኦሮምኛ ነው የመለሰችው፤ ኦሮምኛዋ ከእኔ ይሻላል። የአባቷን ነገር ከመጀመሪያው አወራችው፤ እርጥቡን ጎጆ፣ የጭቃውን ጉድጓድ፣ ማንጎዋን፣ አባቷ ያላገኘውን ሰውዬ። እኔ ያወራኋችሁን ሁሉ ያኔ ነው ከአፏ የሰማሁት፤ ለዚያ ሁሉ ጊዜ በቀዳዳ ስመለከት አንድም ቀን አልጠየቅኋትም ነበር። በመጨረሻ ቡናው የአዴ ወርቂቱ ነው፣ ስወጣ ቅጠሉንም አልነካም፣ ኦቦ ፈየራ ግቢም ትቼ ወጥቻለሁ አለች። ይህ እንኳ እውነት ነው፤ ኦቦ ፈየራ ዘንድሮ ያንን ለቅመዋል፤ መተቱን አፍልተው እየጠጡት ነው።

ሞሲሳ ራሱን ነቀነቀ። የአባቴም አራሽ ለእናንተ ነው ብሎ ነበር አለ።

ኦቦ ጉሉማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ነገሩን ሊፈርዱ ነው ብለን ስንጠብቅ እሳቸው ያወሩት ሌላ ሆነ።

«ልጄ» አሉ ወደ ብርቄ ዞረው፣ «እነዚያን ጎጆዎች ከሠሩት አንዱ እኔ ነኝ። ጎረምሳ ነበርኩ፤ ጭነው ወሰዱን። የኔ እጅ የሠራው ያንቺ አባት የገባበት ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን አልዋሽሽም፤ እዚያ ችግኝ የተከለ ሰው አላየሁም። ተናደን ነበር። የራሳችን አዝመራ ሜዳ ላይ ቀርቶ ለማናውቀው ሰው ጭቃ እናቦካለን። ቀን ቀን ማንጎ ነበር የምንበላው፤ ፍሬውን እየመጠጥን ወደ ጉድጓዱ እንወረውራለን። ጭቃው እርጥብ ነው። በቅሎ ይሆናል እንጂ ማንም አልተከለልሽም።»

አዴ ወርቂቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔ እንኳ፣ የሰው ፊት ማየት ሥራዬ የሆነ ሰው፣ ወደ ብርቄ ማየት ከበደኝ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያሰበበት፣ ለልጆቹ ሕግ ያወጣበት፣ ልጁም ከግቢ ግቢ ተሸክማ የዞረችው ደግነት፣ በንዴት የተወረወረ የማንጎ ፍሬ ሆኖ ቀረ። እሷ መሬት መሬት አየች። ጣቶቿ የነጠላዋን ጥለት ያሻሉ። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸውና፣

«ተናዳችሁም ጣፍጧል፣ ኦቦ ጉሉማ» አለች። «አባቴ በልቶታል፤ እኔ በልቼዋለሁ፤ ልጄም በልታዋለች።»

ኦቦ ጉሉማ ባርኔጣቸውን መልሰው አላደረጉትም። ያን ቀን ሙሉ ራሳቸው ገላጣ ዋለ።

ፍርዱ ግን ፍርድ ነው። ሽማግሌ ልብ ስለተነካ ልማድ አይሽርም፤ ከሻረ ነገ ሁሉም ልብ የሚነካ ወሬ ይዞ ይመጣል። ተመካክረው እንዲህ አሉ፦ ቡናው ይነቀል፤ እሷ ልጅቷ ፈተናዋን እስክትጨርስ ትቀመጥ፤ ከዚያ በሰላም ትውጣ። ሞሲሳን ጠየቁት፤ እሺ አለ። ብርቄን ጠየቋት፤ እሷም እሺ አለች። እንደዚያ ቶሎ እሺ ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። የሚያለቅስ ሰው፣ የሚከራከር ሰው ነበር የጠበቅኩት፤ ለወሬም እሱ ይሻላል።

ሞሲሳ ሊነቅል ተነሣ። ብርቄ ቀደመችው።

«ተወው፤ ሥሩን ትበጥሰዋለህ» አለችው።

ውኃ አምጥታ መሬቱን አራሰች። ጠበቀች። ከዚያ ተንበርክካ በየተራ ዙሪያውን በጣቶቿ እየለቀቀች፣ አፈሩን እንዳቀፈ እያወጣች እርጥብ ጆንያ ላይ ደረደረችው። እኛ ከአቮካዶው ሥር ቆመን እናያለን። እምነት ከክፍላቸው በር ላይ ቆማለች፤ መጽሐፏ ደረቷ ላይ ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ «እማዬ» አለች። ብርቄ ቤት ገብተሽ አንብቢ አለቻት፤ በቁጣ አይደለም፤ በሥራ መሐል እንዳለ ሰው ነው። ስትተክል እንደ ተጠነቀቀችው ስትነቅልም ተጠንቅቃ ነው። ሲያልቅ ጉድጓዶቹን ደፈነች፤ በእግሯ ረገጥ ረገጥ አድርጋ ሜዳ አስመሰለችው።

ችግኞቹ ምን ሆኑ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አንዱን ኦቦ ጉሉማ ሳይጠይቁ በእጃቸው አንሥተው ይዘው ሄዱ። አንዱ እኔ ግቢ ነው፤ ቆርቆሮው ሥር፤ ቀዳዳዋን ሊሸፍንብኝ ነው መሰለኝ። የቀሩትን ብርቄ መናኸሪያ ወስዳ፣ ለውዝ ለሚገዛት ገበሬ ሁሉ አንድ አንድ እየመረቀች ሰጠቻቸው።

እምነት ተፈተነች፤ አለፈች። እንደ ቃሏ ሐምሌ ሳይጋመስ ወጡ፤ በሲሬ መውጫ በኩል አንድ ክፍል ተገኘላቸው። ዕቃቸውን ያጓጓዘላቸው ሞሲሳ ነው፤ እህል በሚጭንበት መኪናው፣ ማንም ሳይጠይቀው። ያን ዕለት ከኩሽናው ጀርባ ገመድ ሊያመጣ ሄዶ አንድ አሮጌ ባልዲ አገኘ፤ ባልዲው ውስጥ የቡና ችግኝ ቆሟል። ለካ አዴ ወርቂቱ ያን እሑድ ከጆንያው ላይ አንዱን በነጠላቸው ሸሽገው ኖሯል። በባልዲ ያለ ቡና መሬት አይነካም፤ መሬት ያልነካ ደግሞ ርስት አይጠይቅም። ሴትየዋ ቀላል አይደሉም።

ይህ ምንድን ነው አላቸው። አበባ ነው አሉት። ምን ዓይነት አበባ ነው አለ። የፈረንጅ ነው አሉት። ወለጋ ተወልዶ የቡና ቅጠል የማያውቅ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም። ሞሲሳ ባልዲውን አየው፤ እናቱን አየ፤ ገመዱን ይዞ ወጣ። ባልዲው ዛሬም እዚያው ነው። ሥሩ ታቹን ቀዶ መሬት መግባቱን እኔ አይቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ይህ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ብርቄን አሁንም መናኸሪያ አገኛታለሁ። የበሩን ማጠፊያ አስጠግናለች ወይ ብዬ አልጠይቃትም፤ እንዳስጠገነች አውቃለሁ። ይመርን ትጠብቃለች ወይ ብዬም አልጠይቅም። ወደ ጊዳ አያና የሚሄድ መኪና ሲሞላ ሳፋዋን ይዛ በመስኮቱ በኩል ትዞራለች፤ ለውዝ ትሸጣለች፤ ፊት ታያለች። መኪናው ሲወጣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

ያን እሑድ የሆነ አንድ ነገር ግን ዘልያለሁ። ብርቄ ጉድጓዶቹን ደፍና ስትጨርስ አዴ ወርቂቱ ውኃ አምጥተው እጇን ያስታጥቧት ጀመር። ሽማግሌዎቹና እኔ ልንሄድ ተነሥተናል፤ ሞሲሳ አግዳሚውን ሊያነሣ ጎንበስ ብሏል። እሷ ጭቃው ከጥፍሯ ሥር አልለቅ ብሏት እያሸች ቀና አለችና ከላያችን ያለውን አቮካዶ አየችው፤ ግንዱን፣ ቅርንጫፉን፣ ጣራው ላይ የተኛውን ጥላ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ድምፅዋን አውቃለሁ። የምር ልትጠይቅ ነው የጠየቀችው። ሞሲሳ ወደ እናቱ ዞረ፤ እናቱ ወደ ኦቦ ጉሉማ፤ ኦቦ ጉሉማ ወደ እኔ፤ የሰፈሩን ሁሉ ነገር አውቃለሁ ወደምለው ሰው። አዴ ወርቂቱ በዚያ ግቢ ሙሽራ ሆነው ሲገቡም ዛፉ ትልቅ ነበር።

ያለችው እንዲህ ነው፦ «ከገባሁ ጀምሮ ልጠይቅ እያልኩ ረስቼው ነው፤ ይቺን የተከላት ሰው ማን ይባላል? እግዜር ይስጠው ሳልለው ከግቢው እንዳልወጣ።»